የአባዬ ራሌይና የደብረ ብርሃን ብስክሌት ጠጋኞች

ለገና ደብረ ብርሃን ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ሆቴልና ክትፎ ቤት የሚገመግም ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ስለ ብስክሌት ጥገና ነው፤ የዕረፍቴን ግማሽ የበላው እሱ ነዋ።

አባዬ ጡረታ እስኪወጡ አስተማሪ ነበሩ። ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት ራሌይ የሚባል አሮጌ የእንግሊዝ ብስክሌት አላቸው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ሦስቱም ማርሽ የኋላ ጎማው ሞዞ (የጎማው መሃል እምብርት) ውስጥ የተደበቀ። ሞዞው ላይ «62» የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። ስተርሚ አርቸር የሚባለው የሞዞው አምራች ኩባንያ የተሠራበትን ዓመት እዚያው ላይ ይመታ ስለነበር በፈረንጅ 1962 ማለት ነው። አጋጣሚ ሆኖ እኔ የምኖረው ኖቲንግሃም ነው፤ ብስክሌቱም ሞዞውም የተወለዱባት ከተማ። ራሌይ እዚያ ማምረት ያቆመው በፈረንጅ 2002 ላይ ነው። ከድሮው ግቢው ከፊሉ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ይህን ለአባዬ ስነግራቸው «ፋብሪካው ቢዘጋም የእኔው ይሠራል» አሉኝ።

አይሠራም ነበር።

ፔዳሉ በዞረ ቁጥር አንዴ ቀጭ ይላል። ሦስተኛው ማርሽ ሲያሻው ይገባል ሲያሻው አይገባም። የወንድሜን ልጅ አስከትዬ መጀመሪያ የሄድኩት ዋናው አስፋልት ዳር ወዳለ፣ ደንበኛ ወደሚበዛበት ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። ጠጋኙ ልጅ ሲሠራ እጁ ፈጣን ነው፣ ይህን አልክድም። ግን የሚያወራው ከእኔ ጋር አልነበረም። እኔ ስጠይቀው መልሱን ለወንድሜ ልጅ ይሰጣል፤ የ14 ዓመት ልጅ፣ ያንን ብስክሌት አንድ ቀን እንኳ ነድቶት የማያውቅ! «የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው» ስለው «ችግር የለም እህቴ» ብሎ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰካና ወደ ግራ ተጫነው። እጁን ባልይዘው ኖሮ የፔዳሉ ክንድ ያን ቀን አብቅቶለት ነበር። እኔ ከእጁ ጋር ስታገል ሌላኛው ሠራተኛ ደግሞ በሞዞው የዘይት ቀዳዳ ግራሶ ይጠቀጥቃል። 600 ብር ከፍለን ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት ውርጭ ነበር። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። አባዬ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፣ ፔዳሉን ረገጡ፣ እግራቸው በባዶ ዞረ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ነገሩ ሲገባኝ ተናደድኩ። እዚያ ሞዞ ውስጥ ማርሹን የሚይዙት በፀጉር ቀጭን ሽቦ የሚገፉ ትንንሽ ጥፍሮች ናቸው። የሚፈልጉት ቀጭን ዘይት ነው። ግራሶ ሲገባባቸው ይጣበቃሉ፣ ብርድ ሲጨመርበት ጭራሽ አይነሡም። ሰውየው ገንዘብ ተቀብሎ ብስክሌቱን የባሰ አደረገው ማለት ነው።

ሁለተኛውን ሰውዬ የጠቆሙን የጎረቤታችን የእትዬ ልጆች ናቸው። ሽማግሌው ገበያው ጀርባ ቆርቆሮ በረንዳ ሥር ይቀመጣሉ፣ ሰሌዳ የላቸውም። በዕድሜ ከአባዬ ብዙ አያንሱም። መሣሪያቸውን ሳይ ትንሽ ሆዴን ቆረጠኝ፤ አንድ መዶሻ፣ አንድ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞርሳና በመሳያ ሞላ ፈግፍገው ያቀጠኗቸው መፍቻዎች። በኋላ ነው የገባኝ። የሞዞ ኮን (የኩሽኔታውን ጥይቶች የሚይዘው ሾጣጣ ዳዶ) የሚፈታበት መፍቻ ስስ መሆን አለበት፣ ተራው አይገባም። እንግሊዝ አገር ለእሱ ብቻ የተሠራ ይሸጣል። እሳቸው የራሳቸውን ሠርተዋል።

ብስክሌቱን ገለበጡት፣ ፔዳሉን በእጃቸው አዞሩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ሽብልቁ ነው ልጄ። ሌላው ደህና ነው።»

ለማያውቅ፦ በድሮ ብስክሌት የፔዳሉን ክንድ ከመሃሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው አንድ ጎኑ የተላገ ፒን ነው። እንደ ሽብልቅ ተመትቶ ይገባል። ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ ፒኑን እንዳይወጣ ይጠብቀዋል እንጂ አይጎትተውም። ብዙ ሰው ዳዶውን አጥብቆ ፒኑን ወደ ውስጥ ሊስብ ይሞክርና ጥርሱን ይጨርሳል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከመምጣቴ በፊት አባዬን በስልክ አስለክቼ፣ «9 ሚሊ ነው» ሲሉኝ 9 ሚሊ ፒን ገዝቼ መጥቻለሁ። የለኩት ግን ያለቀውን ፒን ነው! የራሌይ 9.5 ነው። ያመጣሁት ገባ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወጣ። ሰውየው ምንም አላሉም፣ ፈገግ ብቻ። ያ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

ሁለተኛ ውርደቴ መጭመቂያው ነው። ፒኑን ያለ መዶሻ ገፍቶ የሚያወጣ መሣሪያ ተሸክሜ መጥቼ ነበር፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከቸኮሌቱ የበለጠ ቦታ የያዘ። የቀኙን ፒን አወጣ። የግራው ግን ዝጎ ኖሮ አልነቃነቅ አለ፣ ብሎኑ መጣመም ጀመረ። «ተይው ይደር» አሉና ነጭ ጋዝ አፍስሰውበት ወደ ቤት ላኩን። በማግስቱ ከክንዱ ሥር ወፍራም ቱቦ በመሬትና በክንዱ መሃል አቆሙ፣ ዳዶውን ከፒኑ ጫፍ እኩል አደረጉት፣ አንዴ መቱ። አንዴ ብቻ። ወጣ። ቱቦው ምቱን ተቀብሎ ወደ መሬት ካላሳለፈ ውስጥ ያሉት የኩሽኔታ ጥይቶች መቀመጫቸውን ይጎዱታል። ደጋግሞ ትንንሽ መምታትም ፒኑን ጫፉ ላይ አሳብጦ የባሰ ያጣብቀዋል። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ ለእኔው ነው፤ የወንድሜን ልጅ ቡና እንዲያዝልን ልከውት ነበር።

አዲስ ፒን ከየት ይምጣ? ቶርኖ ቤት ላኩን። የቶርኖው ባለሙያ ወጣት ነው፣ መለኪያ አለው፣ ቀዳዳውን ራሱ ለክቶ ሁለት ፒን በ400 ብር አወጣልን። እሱንም ያለ ማንገራገር አመሰግነዋለሁ። የሚላገውን ጎን ግን ሽማግሌው ለማንም አልሰጡም። ሞርሳው ላይ አስረው በሞረድ ላጉት፣ ጥቀርሻ ቀቡት፣ አስገብተው አወጡት፣ ጥቀርሻው የለቀቀበትን አይተው እንደገና ላጉት። ለሁለቱ ፒን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ሲያስገቡ ደግሞ አንዱን በዚህ ሌላውን በተቃራኒው፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከገቡ ክንዶቹ ቀጥ ብለው አይተያዩም፣ አንካሳ ይሆናሉ።

ግራሶውን በነጭ ጋዝ ሦስት ጊዜ አጥበው አወጡና አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ቀጭን የሞተር ዘይት ጨመሩ። ማርሹን ያስተካከሉበት መንገድ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው ነው። መጽሐፍ ግን አላዩም። ሁለተኛው ላይ አድርገው በቀኙ ዳዶ ላይ ባለው ቀዳዳ አጮለቁ፣ ውስጥ ያለው ቀጭን ዘንግ ጫፍ ከአክሱ (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) ጫፍ እኩል እስኪሆን ሽቦውን አጠበቁ። ይህ ካልተስተካከለ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ምንም የማይዝ ባዶ ቦታ ይመጣል። አባዬ ለስንት ዓመት «በሁለትና በሦስት መሃል ጋኔን አለ» ሲሉ የኖሩት እሱ ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር። የእንግሊዝ ብስክሌት ነው፣ ግን ከመነዳሪ፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ እያልን የምንፈታው ሁሉ በጣልያን ቃል ነው። ኖቲንግሃም ላለ ሠራተኛ ብነግረው ይስቃል።

ስለሌላው አገልግሎት ባጭሩ። ጎሚስታው ጎበዝ ነው፣ ከመነዳሪውን ለጥፎ ውኃ ውስጥ ነክሮ አሳይቶኛል። ጎማ አስቡበት፤ የዘንግ ፍሬን ያላቸው ባለ 28 ኢንች ብስክሌቶች ጎማ ከተራራ ብስክሌት ጎማ ጋር አንድ አይደለም። እኔ ከመርካቶ ነው ያገኘሁት፣ የቻይና። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሚኒባሱ ላይ ጎማ ለመጫን ተጨማሪ ጠይቀውኝ ተከራክሬ ከፍያለሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

አባዬ ብስክሌቱ ሲሠራ ጊዜ የመኪና መንገዱ ዋሻ እስካለበት ተራራ፣ ጣርማበር ድረስ ልሂድ አሉ፣ እንደ ወጣትነታቸው። እስከ ዋሻው ይሁን፣ ከዋሻው ወዲያ ወደ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ግን በዘንግ ፍሬን የሚታሰብ አይደለም። ጎማው ከረጠበ ብረት ቸርኬ ላይ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተታል። ተጣልተን እምቢ አልኳቸው። አሁን ገበያና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚነዱት፣ ያውም ሜዳ ሜዳውን።

ሽማግሌው ለሁለት ቀን ሥራ 500 ብር ነው የጠየቁኝ። አንድ ሺህ ብሰጥ ቀሪውን መለሱልኝ። መጭመቂያውን ተውኩላቸው፣ ወዲያው በረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቀሉት፣ እስከዛሬ የሚጠቀሙበት አይመስለኝም። አብሬ የተውኳትን የራጂ (የጎማ ሽቦ) ማጥበቂያ ግን ኪሳቸው ነው የከተቷት። ስሰናበታቸው እጄን ይዘው «ስትመጪ ሽብልቅ ይዘሽ ነይ፣ አሥር ያህል። ዘጠኝ ተኩል።» ቆም አሉና ደገሙት፣ «ዘጠኝ ተኩል፣ ዘጠኝ አይደለም።»