ለገና ዋዜማ አስቤዛ ወጥቼ አንድ ዘይት ሁለቴ ከፈልኩ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። አዲስ አበባ ትልቅ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ አስቤዛ ስትገዙ፣ ከካሸሯ ፊት ሳትነሱ ደረሰኛችሁን አንብቡ። ከኋላችሁ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም አንድ በአንድ አንብቡ። እኔ ሳላነብ ሄጄ ከሰዓት በኋላዬን በሙሉ በላብኝ፣ እናቴም በበዓል ዋዜማ ዘይት ከጎረቤት ተበደረች።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አገሬ የገባሁት ከ6 ዓመት በኋላ፣ ለ2017 ገና ነበር። ከዚያ በፊት በ2011 ስመጣ አንድ ዶላር 28 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በዚህኛው ጉዞ ከ120 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ስለዚህ ዋጋ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። ዘይት 1,250 ብር ሲባል ተወደደ ወይስ ደህና ነው፣ እናቴን ካልጠየቅኩ አላውቅም። ይህን የማነሳው ሂሳቡ ሲነገረኝ ለምን እንዳልነቃሁ እንድትረዱልኝ ነው።

ቀኑ ታኅሣሥ 28 ነው። እናቴ ዶሮውን፣ ቅቤውንና ሽንኩርቱን ከሾላ ገበያ አስገዝታ ጨርሳለች። ለኔ የቀረኝ ትንሽ ነገር ነው፦ አምስት ሊትር ዘይት፣ ስኳር፣ ማካሮኒ፣ ሶፍት፣ የሰላጣ ቲማቲም፣ የእህቴ ልጅ ዳይፐርና የተፈጨ ቡና። እህቴ «ሰፈር ካለው ሱቅ ግዢና ቶሎ ነይ» አለችኝ። አልሰማኋትም። ሁሉንም ከአንድ ቦታ ልግዛ ብዬ ቦሌ አካባቢ ያለ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። እዚያ ማዶ የለመድኩት እንደዚያ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሌሎቹም ጋ ተመሳሳይ ነገር እንደሚያጋጥም ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ።

በር ላይ ፍተሻ አለ። ቦርሳ ማስቀመጫ ጋ ቦርሳዬን ሰጥቼ ቁጥር ተቀበልኩ። እስከዚህ ደህና ነው። ጋሪ አነሳሁ፣ አንዱ ጎማ አይዞርም። ሌላ አነሳሁ፣ እሱም ወደ ግራ ይጎትታል። በግራው ጋሪ እየተጎተትኩ ገባሁ።

ማካሮኒ ጋ ስደርስ ሦስት ዓይነት ተደርድሯል፣ ዋጋ የተለጠፈበት ግን የለም። መደርደሪያው ላይ አንድ ወረቀት አለ፣ እሱም የቲማቲም ድልህ ዋጋ ነው። ዕቃ የሚደረድር ልጅ አየሁና ጠየቅኩት።

«ይሄ ክፍል የኔ አይደለም» አለኝ።

«የማን ነው?»

«የእሷ ነው፣ ዛሬ አልገባችም።»

«ታዲያ ዋጋውን በምን ልወቅ?»

«ካሸር ጋ ስትደርሺ ይታወቃል።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር በዚያ ቀን አራት ጊዜ ሰማኋት። ለማካሮኒ፣ ለሶፍት፣ ለዳይፐር፣ ለስኳር። ሰው ዋጋ የሚያየው ይግዛ ወይም አይግዛ ለመወሰን ነው። ካሸር ጋ ከደረሰ በኋላ፣ ሃያ ሰው ከኋላው ቆሞ፣ «ይሄ ተወደደብኝ ይመለስልኝ» የሚል ስንት ሰው አለ? አብዛኛው ሰው አፍሮ ይከፍላል።

ደስ ያለኝን ደግሞ አልደብቅም። አትክልት የምትመዝነው ልጅ ቲማቲሞቼን ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ አንዱን አነሳችና በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «ይሄ ፈርጧል፣ ለበዓል አይሆንም» ብላ ራሷ ሄዳ ሌላ መርጣ አመጣችልኝ። ከዚያ «እንኳን አደረሰሽ» አለችኝ። ቆሜ ቀረሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሴ መዝኜ፣ ራሴ ማሽን ላይ አሳልፌ፣ ራሴ ከፍዬ፣ ከማንም ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር ነው የምወጣው። ቡና የሚፈጩበት ጥግም እንዲሁ ነው። ትኩስ ቡና ሲፈጭ ያለው ሽታ ከሐበሻ ሱቅ ከምገዛው እሽግ ቡና ጋር አይገናኝም። ከሚገባኝ በላይ ቆየሁ እዚያ ጋ።

ከዚያ ወረፋ። ስድስት መክፈያ አለ፣ የሚሠራው ሁለቱ ነው። የበዓል ዋዜማ መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ ሱፐርማርኬቱ ብቻ ያላወቀ ይመስላል። ሰልፉ እስከ ሳሙና መደርደሪያው ድረስ ተጠማዟል። አንድ ሰውዬ ውሃ ይዞ «አንድ ነገር ብቻ ናት» ብሎ ከፊቴ ገባ። አሳለፍኩት። ወዲያው ሚስቱ ሙሉ ጋሪ እየገፋች መጣች። ይሄኔ መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ቶሎ ተነሳ፣ ማሽኖቹ ግን እንደገና እስኪከፈቱ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምን። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት «ከውጭ ነሽ አይደል?» አሉኝ። በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው «ዝም ብለሽ ቆመሻል እኮ» አሉኝ። የስንት ልጅ እናት እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ዶሮ ወጥ ላይ ኮረሪማ መቼ እንደሚገባ ነገሩኝ። ወረፋው እንዳሰለቸኝ ረሳሁት።

ተራዬ ደረሰ። ካሸሯ ወጣት ናት፣ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። ዘይቱን ማሽኑ አልቀበል አላት፤ ባርኮዱን ገለበጠችው፣ አሻሸችው፣ ደገመችው። መጨረሻ ላይ በቁጥር አስገባችው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ እኔ ግን ልብ አላልኩም። ካርድ ሰጠኋት፣ «ኔትወርክ የለም» አለች። ቴሌብር ያለው የእህቴ ስልክ ላይ ነው። ጥሬ ብር ቆጠርኩ። የተባልኩት 5,847 ብር ነው፣ 5,850 ሰጠኋት። «ሦስት ብር ዝርዝር የለኝም» ብላ ማስቲካ ሰጠችኝ። ማስቲካ አልፈለግኩም፣ ግን ሰልፉን ማስቆም አልሆነልኝም።

መውጫው ላይ አንድ አባት ጥበቃ ቆመዋል። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላ ቦታ ያየኋቸው ጥበቃዎች ደረሰኙ ላይ በእስኪሪብቶ ጭረት አድርገው ያሳልፋሉ። እኚህ አባት ግን መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ከላይ እስከታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ ጋሪውን አዩ። ደግመው ወረቀቱን አዩ።

«ልጄ፣ ሁለተኛው ዘይት የታለ?»

ሌባ የተባልኩ መስሎኝ ፊቴ ጋለ። «አንድ ነው የገዛሁት አባባ» አልኳቸው።

«ወረቀቱ ሁለት ነው የሚለው። ሁለት ጊዜ ነው ያስከፈሉሽ። ተመለሽና ንገሪያቸው፣ ጋሪሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

ተመለስኩ። ሰዓቱ 9 ሰዓት ተኩል ነበር። ካሸሯ ደረሰኙን አይታ ወዲያው አመነች፤ በዚህ አልወቅሳትም። «አዎ፣ ሁለቴ ገብቷል» አለች። ገንዘቤን ስጠብቅ ግን «እኔ ማውጣት አልችልም፣ አንዴ ማሽኑ ውስጥ ከገባ የሚከፍተው ሱፐርቫይዘር ነው» አለችኝ።

«ሱፐርቫይዘሩስ?»

«ምሳ ወጥቷል። እህት፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ፣ ሰልፉ እንዳይዘጋ።»

ጾም ነው፣ የሚጾም ሰው ከ9 ሰዓት በኋላ ቢበላ አልከፋም። ሰውየው ምሳውን ይብላ። ግን የመክፈቻውን ቁልፍ ለአንድ ሰው ትቶ መሄድ አይቻልም ነበር? በዓመቱ ውስጥ ሰው ከሚበዛባቸው ቀናት አንዱ ነው።

ጠጋ ብዬ ቆምኩ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሌላ ሠራተኛ መጣና መፍትሔ አለኝ አለ፦ «አንድ ዘይት ከመደርደሪያ አንሽና ውሰጂ፣ እኩል ይሆናል።» እኔ የምፈልገው አንድ ዘይት ነው። አሥር ሊትር ዘይት ይዤ ምን ላድርግበት? ገንዘቤን ነው የምፈልገው አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ወጣት «ዳያስፖራ አይደለሽ እንዴ፣ አሥር ዶላር ናት፣ ተያት በቃ» አለኝ። ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ቀን ሁሉ በጣም የከነከነኝ ይህ ነው። አሥር ዶላሯን እኔም አውቃታለሁ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ ነው የማመጣት። ደግሞስ የኔ ጉዳይ ብቻ ነው? ለመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ በ2017 ከፍ ብሎ እንኳን 4,760 ብር ነበር። ከዚያ ላይ 1,250 በስህተት የተወሰደበት ሰው ወሩን እንዴት ይጨርሳል? እኔ ትቼው ብሄድ ነገ እሱም «ተወው በቃ» ይባላል። ለወጣቱ ይህንኑ ነገርኩት። ዶሮ ወጥ ያስተማሩኝ እናት ገና አልወጡም ነበር፤ «እውነቷን ነው፣ ላቧ ነው» ብለው ዞሩበት። ዝም አለ።

በዚህ መሃል እናቴ ደወለች። «ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ዘይት እየጠበቀ ነው፣ የት ነሽ?» ዘይቱ እኮ ጋሪው ውስጥ አለ። እህቴ መጥታ ትውሰደው ብዬ አሰብኩና ጥበቃው ጋ ሄጄ አማከርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘይቱን ከሰደድሽማ ማስረጃሽ ሄደ። አንድ ብቻ መግዛትሽን በምን ታሳያለሽ?» እውነታቸውን ነው። እናቴን «ከጎረቤት ተበደሪ» አልኳት። ለበዓል ከሰው ቤት ዘይት መለመን ለእናቴ ቀላል አይደለም። ዝም ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሱፐርቫይዘሩ የመጣው 10 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ። ደረሰኙን አየ፣ ቁልፉን ማሽኑ ውስጥ ከተተ፣ ሁለት ሦስት ነገር ተጫነ፣ የተመላሽ ደረሰኝ ወጣ። ፈረምኩ። ስድስት ባለ ሁለት መቶ፣ አንድ ሃምሳ ብር ቆጥሮ ሰጠኝ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ለአራት ደቂቃ ሥራ ነው ያ ሁሉ! ይቅርታ አላለኝም። «ቀጣይ» ነው ያለው።

ማታ እህቴን ጠየቅኳት፤ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ እያንዳንዱን ሽያጭ ስለሚይዝ ካሸር እንደፈለገች እንዳትሰርዝ መደረጉ ተገቢ ነው አለችኝ። ግን ተመላሽ መቁረጥ የታወቀ አሠራር ነው፣ ማሽኑም ይመዘግበዋል። ስለዚህ «ማሽኑ ውስጥ ገብቷል» ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትሂዱ። ይቻላል። ሜሪላንድም ካሸሯ ማናጀር ትጠራለች፣ እዚያም በራሷ የማትከፍተው ነገር አለ። ልዩነቱ ማናጀሩ ይመጣል። ዋልማርት የገዛሁትን ብዙውን ዕቃ እስከ 90 ቀን ድረስ መመለስ እችላለሁ። እዚህ ደረሰኙ ግርጌ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ታትሟል። የኔ ጉዳይ ግን ዕቃ መመለስ አይደለም፤ ያልገዛሁትን ነው የከፈልኩት።

ለምትመጡ ሰዎች ሌላም ልጨምር። በበዓል ሰሞን ከሆነ ጠዋት በር ሲከፈት ግቡ። ካርድ ላይ ብቻ አትተማመኑ፣ ጥሬ ብር ያዙ፣ በተለይ አሥርና አምስት ብር። ዋጋ ያልተለጠፈበትን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱትና ዋጋ አጣርቶ የሚነግራችሁ ሰው ፈልጉ። ለዘይት፣ ለስኳርና ለማካሮኒ ከሆነ የሰፈር ሱቅ ይሻላችኋል። በነጋታው ያው ዘይት እናቴ ሰፈር ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ፤ 40 ብር ነው የበለጠው። ባለሱቁ ደግሞ የእናቴን ስም ያውቃል።

የተበደርነውን ዘይት በገና ማግስት ለጎረቤታችን መለስን። እናቴ በሌላ ጠርሙስ ሞልታ፣ ላዩ ላይ ድፎ ዳቦ ጨምራ ላከችኝ። ከድፎው ግማሹን ደግሞ በወረቀት ጠቅልላ «ይህቺን ለእኚያ ጥበቃ አድርሺልኝ» አለችኝ።

ለመመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ለሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኞቼ ቡና ልገዛ እዚያው ሱፐርማርኬት ገባሁ። ከካሸሯ ፊት ቆሜ ደረሰኙን አንድ በአንድ አነበብኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ተነፈሰ፣ አልዞርኩም። መውጫው ላይ አባባ ነበሩ። ዳቦውን ሰጠኋቸው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና መርቀውኝ ጥበቃ ቤታቸው ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ።

«አንብቤዋለሁ አባባ» አልኳቸው።

«እኔም ላንብበው» አሉኝ።