ኒሞዲፒን፦ መድኃኒቱ ጥሩ፣ ሰዓቱ ጨካኝ

አንጎል ላይ ያበጠ ደም ስር ፈንድቶ በክሊፕ (ከውጭ በሚቆነጥጥ ትንሽ መቆንጠጫ) ወይም በኮይል (ከውስጥ በሚሞላ ቀጭን የብረት ጥቅል) ቢዘጋም አደጋው ገና አላለፈም። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በአንጎል ዙሪያ የፈሰሰው ደም እየፈራረሰ ሲሄድ ትልልቆቹ ደም ስሮች ይኮማተራሉ፣ የጥቃቅኖቹም ሥራ ይታወካል። በቂ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞታል። ይህን ጉዳት ለመቀነስ ከሁሉ ቀድሞ የሚታዘዘው መድኃኒት ኒሞዲፒን ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አሰጣጡ ላይ ነው።

ካልሲየም ወደ ደም ስር ጡንቻ እንዳይገባ ስለሚከለክል ብዙዎች «የጠበበውን ስር ይከፍታል» ይሉታል። በአንጂዮግራም (ደም ስርን በሚያሳይ የራጅ ምርመራ) ሲታይ ግን ስሮቹ እምብዛም አይሰፉም። ጥቅሙ የሚታየው በሕመምተኛው ላይ ነው። 554 ሕመምተኞች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው የብሪታንያ ጥናት፣ የአንጎል ክፍል መሞት የደረሰው ኒሞዲፒን ከወሰዱት 22 በመቶው ላይ፣ አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 33 በመቶው ላይ ነበር። ክላዞሴንታን የተባለው መድኃኒት ተቃራኒው ነው፦ የስር መጥበብን በግልጽ ይቀንሳል፣ በትልልቅ ዓለም አቀፍ ጥናቶች ግን የሕመምተኞቹን የኋላ ኑሮ እንደሚያሻሽል ማሳየት አልቻለም። ስለዚህ የስር መጥበብን የሚጠቁመው የዶፕለር ፍጥነት (በድምፅ ሞገድ የሚለካው የደም ፍጥነት) አልወርድ አለ ብሎ ኒሞዲፒንን ማቋረጥ ስህተት ነው። ዶፕለሩ ደህና ነው ብሎ መዝለልም እንዲሁ።

መጠኑ 60 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን ነው። ባለ 30 ሚሊግራሙ ክኒን በቀን 12፣ በጠቅላላው 252 ይሆናል። ሌሊት መቀስቀስ ግድ ነው። ከአፍ የተወሰደውን አብዛኛውን ጉበት ስለሚያፈርሰው ደም ውስጥ የሚደርሰው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ይወርዳል። «ይተኛ፣ ጠዋት እንሰጠዋለን» ማለት አንጎሉን በጣም በሚፈልገው ሰዓት ያለ መድኃኒት መተው ነው።

ዋናው ችግሩ የደም ግፊት መውረድ ነው። ስሮቹ ሲጠቡ አንጎል የሚመገበው በግፊቱ ብርታት ስለሆነ፣ ግፊቱ ከወረደ ሊከላከል የመጣው መድኃኒት ራሱ ይጎዳል። ግፊት ከመስጠት በፊትና ከሰጡ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ከወረደ መፍትሔው መዝለል አይደለም፤ ሐኪሙ 30 ሚሊግራም በየ2 ሰዓቱ እንዲሆን ሊያዝ ይችላል። የቀኑ ድምር ያው 360 ሚሊግራም ነው፣ የአንድ ጊዜው ጫና ግን ይቀንሳል። የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) ላለበት ግን 30 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ይበቃል።

ከአቀራረቦቹ የምንመርጠው ፈሳሹን ነው፣ በተለይ መዋጥ ለማይችልና በአፍንጫ ቱቦ ለሚመገብ። ተለክቶ ይሰጣል፣ ከኋላው ቱቦው በጨው ውሃ ይታጠባል። ክኒን መዋጥ ለሚችል ሰው ምንም እንከን አይወጣለትም። ለቱቦ ከተፈጨ ግን ብርሃን ስለሚያበላሸው ወዲያው መሰጠት አለበት፣ መፍጫው ላይ የሚቀረውም ከመጠኑ የጎደለ ነው። ጄል ካፕሱሉን አንወደውም። መዋጥ ለማይችል ሰው ወፍራሙን ፈሳሽ በመርፌ ወግቶ መሳብ ያስፈልጋል፤ የተወሰነው ውስጥ ይቀራል። ከዚህ የባሰው፣ በመርፌ ሲሪንጅ የተሳበው በስህተት ደም ስር ውስጥ ተሰጥቶ ሰው ሞቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 ከባዱን ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈው ለዚሁ ነው። ሲሪንጁ የአፍ መስጫ ይሁን፣ «በደም ስር አይሰጥም» የሚል ጽሑፍም ይለጠፍበት።

በደም ስር እንዲሰጥ ተብሎ የተሠራውም በአንዳንድ አገሮች አለ፣ 50 ሚሊሊትሩ 10 ሚሊግራም የያዘ። በሰዓት 5 ሚሊሊትር ተጀምሮ ግፊቱ ከቻለው ከ2 ሰዓት በኋላ ወደ 10 ከፍ ይላል። አልኮል አለበት፣ ከፀሐይ ይጠበቃል፣ ተራው የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቱቦም መድኃኒቱን ስለሚመጥ የፖሊኤቲሊን መስመር ይፈልጋል። ከአፍ መውሰድ የሚችልን ሰው ለዚህ ሁሉ መዳረግ አይገባም።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። አንቲባዮቲኩ ክላሪትሮማይሲንና የፈንገስ መድኃኒቱ ኬቶኮናዞል መጠኑን ሽቅብ ሰቅለው ግፊት ይጥላሉ፤ የግሬፕፍሩት ጭማቂም አይጠጣ። ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ሪፋምፒሲን ደግሞ ያመክኑታል። ፌኒቶይን እዚህ ሕመም ላይ ለሚጥል በሽታ ስለሚሰጥ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራን እሱ ነው።

ኒሞዲፒን ሁሉንም አይመልስም። የኮማ መለኪያው (የንቃት ደረጃን በነጥብ የሚለካው) 2 ነጥብ ከወረደ፣ ወይም አዲስ የእጅ ወይም የእግር መድከም ወይም የንግግር መያዝ መጥቶ 1 ሰዓት ከቆየ፣ ሌላ ምክንያት እየተፈለገ ሐኪም ወዲያው ይጠራ። በዚያን ጊዜ ለሕመምተኛው የሚሰጠውን ፈሳሽ መቀነስ ጥፋት ነው፣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም (ጨው) ወርዶ ቢገኝም እንኳ። የፈነዳው ስር ከተዘጋ ግፊቱን በኖርኤፒነፍሪን (ግፊት በሚያነሳ መድኃኒት) ከፍ ማድረግ፣ ካልተሻለም በካቴተር (በደም ስር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ገብቶ ስሩን በፊኛ ወይም በመድኃኒት ማስፋት ይሞከራል። ማግኒዚየምና የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን በትልልቅ ጥናቶች ተፈትነው ውጤት አላሻሻሉም፤ በኒሞዲፒን ቦታ አይተኩ።

ከ21ኛው ቀን በፊት ወደ ቤት የሚሄድ ሕመምተኛ ቀሪው ተቆጥሮ ይሰጠው። በ14ኛው ቀን ማታ ለሚወጣ 84 ክኒን ማለት ነው፤ የሌሊቶቹ ሰዓቶችም ወረቀቱ ላይ ይጻፉ።