ኩዊክረን 1060 በአሮጌዋ ሆርኔት ላይ፦ የሐምሌ ሙቀትም የጥር ብርድም ካለፈበት በኋላ

በተገዛ ማግሥት ስለ አንድ ዕቃ የሚጻፍ ምስክርነት አያረካኝም። አዲስ ዕቃ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ጥሩ ነው። ሆቢዊንግ የሚሠራው፣ በሪሞት ለሚነዱ ትንንሽ መኪኖች የሚሆነው ኩዊክረን 1060 የፍጥነት መቆጣጠሪያ ግን አቧራ ጠጥቶ፣ ዝናብ መትቶት፣ ከአንድ የባትሪ ዓይነት ወደ ሌላው ተዛውሮ አይቼዋለሁና አሁን ልናገርለት እችላለሁ። ፍርዴን ላስቀድም፦ ባለ 540 ሞተር (540 የሞተሩ መጠን መለያ ነው) አሮጌ ባጊ ይዞ፣ ውድድር ሳያምረው፣ መኪናዋን መንዳት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ዕቃ በቂ ነው። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም፤ ለማን እንደማይሆን እመለስበታለሁ።

መኪናዋ የጃፓኑ የሞዴል መኪና ሠሪ ታሚያ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሆርኔት ናት። ኩባንያው በ2004 ዳግም ስላቀረባት መለዋወጫ ማግኘት አይቸግርም። የእኔዋ የፊተኛዋ ናት፤ እዚህ ሜሪላንድ አንድ ጎረቤቴ ጋራዡን ሲያጸዳ ከነካርቶኗ ሰጠኝ። ፕላስቲኳ ደርቋል፣ ተለጣፊዎቿ ጠርዝ ጠርዙን ተነስተዋል፣ ግን ሁሉም ነገሯ ነበር፤ የዘመኑ መካኒካል የፍጥነት መቆጣጠሪያ ጭምር።

ያን መቆጣጠሪያ ላላየ ሰው አሠራሩ እንዲህ ነው። የሪሞቱን ቃታ ስትስቡ አንድ ሰርቮ (ክንድ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) የብረት ክንድን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ያንሸራትታል። ክንዱ ባረፈበት ቦታ መጠን ኤሌክትሪኩ ወይ ኃይሉን በሚቀንስ ሬዚስተር በኩል ዞሮ፣ ወይ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በዝግታ ስትነዱ ለሞተሩ ያልደረሰው ኃይል ሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ጣት ያቃጥላል። መዳቡም ብልጭ እያለ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል፣ በየጊዜው በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚወድ ሰው አለ፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን መኪናዋን ከማጽዳት ይልቅ መንዳት እወዳለሁ። ኤሌክትሮኒኩ መቆጣጠሪያ ኃይሉን በሬዚስተር አያባክንም፤ በሴኮንድ እጅግ ብዙ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ለሞተሩ የሚደርሰውን አማካይ ኃይል ይመጥናል። ያንን ሰርቮ፣ ክንድና ሬዚስተር አንድ ላይ አስወግዶ በቦታቸው አንዲት ትንሽ ሳጥን መተካት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ትንሽ ዕቃ የሚፈልግ ሰው የሳጥኑን ልክ ብቻ አይቶ ባይገዛ እመክራለሁ። የ1060 ሳጥን 36 በ32 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ቁመቱም ወደ 18። ከሆርኔት ሻንሲ ውስጥ የድሮው ሰርቮ ሲወጣ የሚተወው ቦታ ለዚህ ይተርፋል። ቦታ የሚበላው ሽቦው ነው፦ ሁለት ወፍራም የባትሪ፣ ሁለት ወፍራም የሞተር፣ አንድ ቀጭን ወደ ሪሲቨር (የሪሞቱን ምልክት ወደሚቀበለው)፣ በላዩ ላይ ደግሞ የራሱ ገመድ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ። ሆርኔት ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የኋላው ጊር ሳጥን፣ አክስሉና ሞተሩ አንድ አካል ሆነው ነው ከሻንሲው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዙት። የሞተሩ ሽቦ ከማይንቀሳቀስ ሳጥን ተነስቶ በሚንቀሳቀስ ሞተር ላይ ያርፋል ማለት ነው። ሽቦው አጥሮ ከተወጠረ በዘለለች ቁጥር ብየዳውን ይጎትታል፤ ከረዘመ ደግሞ ከጎማው ጋር ይተሻሻል። እኔ ወደ ላይ አንድ ቅስት አስይዤ በፕላስቲክ ማሰሪያ አላልቼ አሰርኩት፤ መኪናዋን አንስቼ የኋላውን እስከ መጨረሻው በእጄ ጫን ለቀቅ እያደረግሁ ርዝመቱን ለካሁ። ሲሊኮን ለበስ ሽቦ ለስላሳ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ከመግዛቴ በፊት ሌሎችን አይቼ ነበር። ከዚያው ከሆቢዊንግ ኩዊክረን 1625 የሚባል ከዚህም ያነሰ አለ። እሱ ግን 25 አምፔር የሚችል፣ በ1/16 እና በ1/18 ልክ ለተሠሩ ያነሱ መኪኖች የሚሆን፣ ከ370 እና ከ380 ሞተሮች ጋር የሚሄድ ነው። የያዝኳት የታሚያዋ ሌላ ባጊ ግራስሆፐር ከነ380 ሞተሯ ብትሆን ኖሮ አስብበት ነበር፤ ለሆርኔት 540 ያንሳል። የታሚያ ቲቢኤልኢ-02ኤስ ደግሞ ከመኪናዋ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፣ ከብዙ የታሚያ ኪቶች ጋርም መጥቷል፤ ነገር ግን ለሊቲየም ፖሊመር ባትሪ የቮልቴጅ መቁረጫ፣ ማለትም ባትሪው ከልክ በላይ ከመውረዱ በፊት ኃይሉን የሚያቆም፣ የለውም። ኒኬል ባትሪ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ነገሩን ጨረሰው።

ሦስተኛው ፈተና በየድረ ገጹ የሚሸጠው፣ ስም የሌለው፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ በላዩ ላይ 320 አምፔር የሚል የተለጠፈበት ርካሽ ዕቃ ነው። አንድ ወዳጄ ሰጥቶኝ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ሽቦው የስልክ ቻርጀር ገመድ ቢያክል ነው፤ 320 አምፔር በዚያ ቢያልፍ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል። የተለጠፈው ቁጥር ለቅጽበት ብቻ የሚታሰብ ነው፤ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ሳያቋርጥ ስንት ይችላል የሚለውን ነው። በ1060 ሰነድ ላይ ሳያቋርጥ የሚችለው 60 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ከዚያም የሚበልጥ ጥቅም ያለው ሌላ መስመር አለ፦ በባለ ሁለት ሴል ሊቲየም ባትሪ ከ12 ዙር ጀምሮ፣ በባለ ሦስት ሴል ከ18 ዙር ጀምሮ ያለውን 540 ሞተር ይነዳል። ዙር ማለት በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ዙር ነው፤ ቁጥሩ በወረደ መጠን ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይበዛል። ተራው የብር ቀለም ያለው 540 ሞተር 27 ዙር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ዕቃውን ያስገዛኝ። መቆጣጠሪያ የሚቃጠለው መኪና ሜዳ ላይ ሲበር አይደለም፤ ጎማው ድንጋይ ሥር ተቀርቅሮ ሞተሩ መዞር ሲያቅተውና ነጂው ቃታውን አልለቅም ሲል ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል።

ሲገጠም ሁለት ነገር ልብ ይባል። የመጀመሪያው የታሚያ ነጭ ሶኬት ነው። 1060 በዚህ ሶኬትም በሌላም ይሸጣል፤ ባለ ነጩ የሚሠራ ቢሆንም ሲያረጅ ንክኪው ይላላል፣ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ቆርጬ ኤክስቲ-60 የሚባለውን ሶኬት በየድኩበት። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። በድሮ ሞተሮች ላይ ሾትኪ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ተበይዶ ታገኛላችሁ፤ ወደ ፊት ብቻ ለሚነዳ መቆጣጠሪያ የተደረገ ነው። የኋላ ማርሽ ባለው በዚህ ላይ ዳዮዱ ካለ፣ ወደ ኋላ ስትሉ ኤሌክትሪኩ በቀጥታ በዳዮዱ ያልፍና ሾርት ይሆናል። ነቅላችሁ ጣሉት። ሦስቱን ትንንሽ ሴራሚክ ካፓሲተሮች ግን አትንኩ፤ 104 የሚል የተጻፈባቸው ናቸው፣ የብሩሹን (በሞተሩ ውስጥ እየተሻሸ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን) ብልጭታ የሚያፍኑት እነርሱ ናቸው።

ቅንብሩ በሁለት መዝለያዎች (ተነቅለው ቦታቸው በሚቀየር ትንንሽ ማገናኛዎች) ያልቃል፤ አንዱ ለባትሪ ዓይነት፣ አንዱ ለአነዳድ ስልት። እንደ ሽንብራ ፍሬ ትንንሽ ስለሆኑ ወስፌ ወይም ቀጭን ፒንሳ ያዙ። ሲበራ ሞተሩ ራሱ ድምፅ ያሰማል፦ አንድ አጭር ከሆነ ባትሪው ኒኬል ተብሎ ተቀምጧል፣ ሁለት አጭር ከሆነ ባለ ሁለት ሴል ሊቲየም። ይህን ድምፅ መቁጠር ልማድ ቢሆን መልካም ነው፤ ሊቲየም ባትሪ በኒኬል ቅንብር ከተነዳ መቁረጫው ሊታደገው አይችልም። የፉታባ ሪሞት ያለው ሰው ደግሞ የቃታውን አቅጣጫ ይገልብጥ።

መንዳቱ ላይ ትልቁ ለውጥ ከፍተኛው ፍጥነት አይደለም፤ እሱ ያው ነው። ለውጡ የዝግታው ነው። የድሮው መቆጣጠሪያ ጥቂት እርከኖች ብቻ ስለነበሩት መኪናዋ ወይ ቆማ ወይ ዘልላ ነበር የምትነሳው። አሁን ጠጠር ላይ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ትሄዳለች፣ የፊት ጎማዎቿም መሪ ይሰማሉ። በዝግታ ስትሄድ ሞተሩ ያፏጫል፤ ይህ ከመክፈት መዝጋቱ የሚመጣ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ፍሬኑ ደግሞ ለአሮጌ ጊር ጥርስ ምሕረት ነው። ወደ ፊት እየበረረች ቃታውን ብትገፉ በቅድሚያ ፍሬን ትይዛለች፤ ለቅቃችሁ ዳግመኛ ስትገፉ ነው ወደ ኋላ የምትሄደው። ከአርባ ዓመት በፊት የተቀረጸ ፕላስቲክ ጥርስ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ በድንገት ወደ ኋላ እንዲዞር መጠየቅ ግፍ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ይህ መቆጣጠሪያ ማራገቢያ የለውም፤ በላዩ ያለው የአሉሚኒየም ክንፍ ብቻ ነው የሚያበርደው። በሐምሌ፣ አስፋልቱ በሚፋጅበት ከሰዓት፣ አንድ ባትሪ ሙሉ ነድቼ ክንፉን በጣቴ ስነካው ሞቅ ያለ ነበር፣ ጣቴን ግን አላስነሳኝም። ሞተሩን ግን መንካት አልቻልኩም። ስለዚህ ጥንቃቄው ለሞተሩ ይሁን። አክስሉ የሚዞርባቸውን የድሮዎቹን ቀለበቶች አውጥቼ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ስተካ ሞተሩም ቀዘቀዘ፣ ባትሪውም ቆየ፤ ከመቆጣጠሪያው ዋጋ ጋር የሚስተካከል ወጪ ነው፣ ግን ያዋጣል። እግረ መንገዴን፣ ዕቃውን አዲስ አበባ ላለ ሰው ለመላክ ያሰበ ቢኖር፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየር ለሚያበርደው ነገር ይህ ልዩነት ስላለው በሁለት ባትሪ መካከል እረፍት መስጠት ነው። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በሻንጣ አይጫንም፤ ጫፎቹ ተሸፍነው በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው። ባለ ሁለት ሴሉ የ5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ስለሆነ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚቀበሉት ከ100 ዋት ሰዓት በታች ነው።

ውኃ አይፈራም፤ ከዝናብ በኋላ በኩሬ አልፌበታለሁ፣ ቀጥሏል። ነገር ግን ውኃ የማይፈራው መቆጣጠሪያው ብቻ ነው። ሪሲቨሩን በፊኛ ውስጥ አስገብቼ አፉን አስሬዋለሁ፤ የመሪው ሰርቮ ግን በዕድሉ ነው ያለው። በጥር ያስቸገረኝ መቆጣጠሪያውን ከሻንሲው ጋር ያጣበቅኩበት ሁለት ወገን የሚይዘው ማጣበቂያ ነበር፤ በብርዱ ደርቆ ለቀቀ። ሻንሲውን በአልኮል ወልውዬ አዲስ ለጠፍኩ፣ በላዩ ማሰሪያ ጨመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም።

ለማን አይሆንም ያልኩት ነገር አለ። የፍሬኑን ጉልበት፣ የአነሳሱን ፍጥነት በካርድ ወይም በስልክ መቃኘት የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኝም፤ ያሉት ሁለቱ መዝለያዎች ናቸው፣ በቃ። ባለ ሦስት ሽቦ ብሩሽ አልባ ሞተር ለመግጠም ያሰበም ሌላ ይግዛ፤ ይህ ለብሩሽ ሞተር ብቻ ነው። መኪናዋን መደርደሪያ ላይ እንደተሠራችበት ቀን ማቆየት የሚፈልግ ሰብሳቢ ደግሞ መካኒካሉን ይተውላት፤ የእኔውን ከነሰርቮው ከነሬዚስተሩ በከረጢት አድርጌ ካርቶኗ ውስጥ መልሼዋለሁ፣ ብሎኑን ጨምሮ።

እኔ ስገዛው ዋጋው ሠላሳ ዶላር አልሞላም። 27 ዙሩን ሞተር የመቀየር ሐሳብ የለኝም፤ ቀጣዩ ወጪዬ የፊት ክንዶቹ ናቸው፤ ግራው ላይ ስንጥቅ ጀምሯል።