ባለ 12 ቮልት የቫፔ ኢግኒሽን ለድሮ ዲቲ 175፣ ሱሉልታ ላይ ያስገጠምኩት

የድሮዋ ባለ ፖይንት (እየተከፈተ እየተዘጋ ካንዴላው እሳት እንዲረጭ የሚያደርግ መቀያየሪያ) ዲቲ ሞተርሳይክል ያላችሁ ይሄን አንብቡት፣ ኢግኒሽኗን፣ ማለትም የካንዴላውን እሳት የሚሰጠውን ክፍል፣ በቫፔ ስለቀየርኩበት ነው። የኔዋ እ.ኤ.አ. የ1976 ያማሃ ዲቲ 175 ናት፣ ባለ 6 ቮልት ማግኔቶ (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭላት)። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ደሞ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባትና ካንዴላው ቶሎ በጥላሸት ይጠቁራል፣ በዛ ላይ እሳቱ ደካማ ከሆነ በቃ እግር እስኪዝል መርገጥ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ካርቡሬተር ነው ብሎ አስቀየረኝ፣ ብሩ ሄደ፣ ለውጥ የለም።

እዚሁ ሱሉልታ፣ አስፋልቱ ዳር የሚሰሩ አንድ አባት አሉ፣ እሳቸው ካርቡሬተሩን ዞር ብለውም አላዩት። ካንዴላውን ነቅለው ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ላይ አስደግፈው "በል እርገጥ" አሉኝ፣ እሳቱ ቀጭን ቢጫ ነው። ቮላኖውን (ማግኔት ያለበትን የሚሽከረከር ጎማ) በማውጫ ነቅለው ፖይንቱን አሳዩኝ፣ ባንዱ በኩል ተቦርቡሮ በሌላው በኩል ጉብታ ሰርቷል። "ልጄ ኮንዴንሰሩ ሞቷል፣ ፖይንቱን ብሞርድልህ ተመልሶ ይበላል" አሉኝ፣ ኮንዴንሰር ማለት ፖይንቱ በብልጭታ እንዳይበላ የሚጠብቀው ትንሽ እቃ ነው። ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ እንደዛ የተበላ ፖይንት ላይ ደሞ በትክክል መለካት ራሱ ከባድ ነው።

ቫፔ የቼክ ድርጅት ነው፣ ለጃዋ፣ ለኤምዜድ፣ እንዲህ ላሉ አሮጌ ሞተሮች ሁሉ ይሰራል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። አዲስ ቮላኖ፣ ስታተር (ቮላኖው ስር የሚቀመጠው ጥቅል ሽቦ)፣ ኮይል (ለካንዴላው ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው)፣ ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ከነሽቦው አለው፣ ፖይንት ኮንዴንሰር የሚባል ነገር የለውም፣ ባትሪ ባይኖርም ያስነሳል። ሰውየው ፒስተኑን በካንዴላው ቀዳዳ ለክተው ገጠሙት፣ ከዛ ሞተሯ እየሰራች በታይሚንግ ላይት (እሳቱ መቼ እንደሚረጭ በሚያሳይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት) ምልክቱን እያዩ አስተካከሉት፣ ይሄን ሳያደርጉ አልለቀቁኝም፣ ምክንያቱም እሳቱ ከጊዜው ከቀደመ እንደዚች ባለ ቱ ስትሮክ ሞተር ላይ ፒስተን ይበሳል። ስንት ጋራዥ ነው በጆሮ ሰምቶ "ተስተካክሏል" የሚላችሁ!

አሁን እሳቱ ወፍራም ሰማያዊ ነው፣ በጠዋት ብርድ ቾክ ስቤ አንዴ ሁለቴ ስረግጥ ትነሳለች፣ ሚኒሞዋ አይዋዥቅም። መብራቱ ግን ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል፣ በፊት ማታ ከእንጦጦ ስወርድ ነዳጅ ስለቅ የፊት መብራቱ ሻማ ያክል ነበር፣ ያ ቁልቁለት ላይ መኪናው ሁሉ ከኋላ እየገፋችሁ መንገድ አለማየት ማለት ምን እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል።

የማይመቸው ነገርም አለ። ርካሽ አይደለም፣ ከሰፈር ለማትወጣ ሞተር አዲስ ፖይንትና ኮንዴንሰር ይበቃታል። ጫንጮ መንገድ ላይ ቢበላሽ እንደ ፖይንት በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ አታስነሱትም፣ ስለዚህ አሮጌውን ስታተር ከነቮላኖው እንዳትጥሉት። የአባታችን ቦታም ጣራ የለውም፣ ዝናብ ሲጀምር ስራ ይቆማል፣ ክረምት ላይ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። አምፖል፣ ክላክስና የፍሬቻ ሪሌ ከእቃው ጋር አይመጣም፣ የ6 ቮልቶቹ ደሞ ወዲያው ይቃጠላሉ፣ ባለ 12ቱን ሶማሌ ተራ ገዝታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።