የሲስተሮቹ ትምህርት ቤት፦ የአንዲት ኦርቶዶክስ አክስት አስተያየት

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የእህቴ ልጅ ገና እዚያው ትማራለች፤ እኔ ደግሞ ከምስጋናው ጋር ጥቂት ቅሬታ ላወራ ነው። ጎጃም ውስጥ ያለ፣ ሲስተሮች የሚያስተዳድሩት የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው ካልኩ ይበቃል። የማወራውም ስለ ሒሳቡና ስለ ፊዚክሱ አይደለም። ልጅ ሲከፋው ምን እንደሚያደርጉና የእምነቱን ነገር እንዴት እንደያዙት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለብዙ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም እሰፋለሁ። መስከረም ላይ የለካኋት ልጅ ጥር ላይ «ጉርዱ ሰፋኝ፣ ያጥብቡልኝ» ብላ ከመጣች አንድ ነገር እንዳለ ይገባኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስመርጥ የላብራቶሪ ዕቃ አልቆጠርኩም።

የእህቴ ልጅ ከሞጣ በኩል ናት። ከነሐሴ 2015 ወዲህ የሆነውን ለጎጃም ሰው አልተርክም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ልጅቷ ከትምህርት ርቃ ከርማ፣ መንገዱ ሲከፈት እናቷ ወደ እኔ ላከቻት። ነፋስ የቆርቆሮ በሩን ሲያንገጫግጨው ብድግ ትል ነበር። መብራት ካልበራ አትተኛም። የእሷ ዕድሜ ልጆች ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ፤ እሷ ግን ከእናቷ ጋር ካወራች በኋላ ስልኩን ትራስ ሥር ትከተዋለች።

ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሄጄ «ካውንስለር አላችሁ?» ስል «አለን» ብለው ወደ ክፍያ መስኮቱ መሩኝ። እዚህ ሲስተሯ ወንበር ሳቡልኝና «እስቲ ስለ ልጅቷ ይንገሩኝ» አሉኝ። ወረቀትም እስክሪብቶም አላነሱም። እስክጨርስ ሰሙኝ።

ጠዋት ጠዋት እኚሁ ሲስተር በሩ ላይ ይቆማሉ። አርፋጅ ለመያዝ አይደለም፤ ለዚያ ዘበኛው አለ። ፊት ነው የሚያዩት። «ትናንት ምን ሆነሽ ነበር?» «አያትህ ተሻላቸው?» እያሉ ያስገባሉ። አንድ ጠዋት ልጅቷን ላደርስ ሄጄ ቆሜ አየሁ። አንድ ወንድ ልጅ ሸሚዙ ብብቱ ሥር ተተርትሮ (የኔ ስፌት አይደለም) ዐይኑ ቀልቶ መጣ። ሲስተሯ ስለ ሸሚዙ አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ቁርስ በልተሃል?» አሉት። አልመለሰም። ትከሻውን ይዘው ወደ ካፌው ወሰዱት። ሌላ ቦታ ቢሆን «ዩኒፎርምህን አስተካክለህ ና» ተብሎ ከበር ይመለስ ነበር።

ለእኛ ልጅ ያደረጉት ግን መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋት ደግሞ ልማዱ ነው፣ የኤሌክትሪክ ደወሉ አይሠራም። ያኔ የሚደወለው ዛፍ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ሲስተሯ ይህን ሥራ ለእሷ ሰጧት። በድምፅ ለምትበረግግ ልጅ! ሄጄ ጠየቅኩ። «መቼ እንደሚጮህ ቀድማ ታውቃለች፤ የምታስጮኸውም ራሷ ናት» አሉኝ። ከዚህ በላይ አላብራሩም። መጀመሪያ ሰሞን ዐይኗን ጨፍና ነበር አሉ የምትመታው። አሁን ተራዋን ለሌላ መልቀቅ አትወድም፤ ክፍል ውስጥም «ቸርኬ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላት እሷው ራሷ ትስቅበታለች። ለሁሉም ልጅ ይሠራል አልልም። ክረምት ነጎድጓድ ሲመጣ አሁንም ሮጣ አልጋዬ ውስጥ ትገባለች። ሌላውን ሌሊት ግን መብራት አጥፍታ ትተኛለች።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚጠይቀኝ ልምጣ። «ካቶሊክ ያደርጓታል ብለሽ አትፈሪም?» ጎረቤት ጠየቀኝ፣ ደንበኛ ጠየቀኝ፣ የንስሐ አባቴም ጠየቁኝ። ስላሰጋኝ ቀድሜ አጣርቼ ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱ እንደማንኛውም ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። እዚህም በመደበኛው ፔሬድ የካቶሊክ ትምህርት የለም። የእምነቱ ነገር ዳር ዳሩን ነው ያለው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ከባንዲራው በኋላ አንድ ተማሪ አጭር ሐሳብ ያቀርባል፣ ከዚያ «አባታችን ሆይ» ይደገማል። እሱ የሁላችንም ነው። ሙስሊሞቹ ልጆች ዝም ብለው ይቆማሉ፤ አፋቸውን የሚጠብቅ የለም። ቅዳሴው ለካቶሊኮቹ ነው። ሌላ ልጅ ልግባ ካለ የወላጅ ፊርማ ይዞ ይመጣል። አብዛኛው ተማሪ ኦርቶዶክስ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ጢም ይላል።

ለትምህርት ቤቱ በዓል ወላጅ ተጠርቶ ስሄድ ቅዳሴውን ከበር ቆሜ ሰማሁት። ኦርጋንና የፈረንጅ ዜማ ጠብቆ የሄደ ሰው ግራ ይገባዋል። ግዕዝ ነው። ከበሮው አለ፣ ጸናጽሉ አለ። እኛ አካባቢ ያሉት ካቶሊኮች የሚከተሉት የግዕዙን ሥርዓት ነው፤ የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከታቸውም የቅርብ ጊዜ ነው፣ በፖፕ ፍራንሲስ ዘመን በ2015 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ። አጠገቤ የቆመች እናት ነጠላዋን አጣፍታ ስትሰግድ ቆይታ፣ የሮማው ፖፕ ስም ሲጠራ ቀና ብላ አየችኝ።

አዳራሹ ውስጥ የአንድ መነኩሴ ሥዕል ተሰቅሏል። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 እ.ኤ.አ. መርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በምትባል ቦታ የተወለዱ የጎጃም ሰው። ኦርቶዶክስ መነኩሴ ሆነው ኖረው፣ በትምህርት ብዙ ደክመው፣ በኋላ ከጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ከአባ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ጋር ተገናኝተው ካቶሊክ ሆኑ። በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ ሮም በ1926 ብፁዕ አለቻቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የእኚህ ሰው ታሪክ እኛ ቤትና እነሱ ቤት አንድ ዓይነት አይወራም። የእህቴ ልጅም የአገሯ ሰው ሲሆኑባት ጊዜ «ታዲያ ለምን ሃይማኖታቸውን ለወጡ?» ብላ ሰው መሀል ጠየቀች። ሲስተሯ አልተቆጡም። የሚያምኑትን ነገሯት፤ ቀጥለው «የእናንተ አባቶች ደግሞ ሌላ ይላሉ፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ» አሏት። ጠየቀች። የንስሐ አባቴ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አስተማሯት። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤቱ አንስተውብኝ አያውቁም።

ምግቡ ላይ ነገር የለኝም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ ካፌው የጾም ብቻ ነው የሚሠራው፦ ሽሮ፣ ድንች፣ ጎመን። በረመዳን ለሚጾሙት በምሳ ሰዓት ከወጡ ሽታ ራቅ ያለ ክፍል ይከፈትላቸዋል። ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ቋጥሬላት ነበር። እነሱም ግንቦትን የማርያም ወር ይሉታልና መቁጠሪያ ደግመው የወጡት ልጆች ተሻምተውባት ባዶ ዕቃ ይዛ መጣች።

ሐሙስ ከሰዓት የክበብ ጊዜ ነው። እሷ የገባችው በጎ አድራጎት ውስጥ ነው። ለገናና ለፋሲካ ከየቤቱ ጤፍና በቆሎ በጣሳ ይሰበስባሉ፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ቤት ሄደው ውኃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። የተቀደደውን ደግሞ ወደ እኔ ያመጡታል። ማንም ሳይጠይቀኝ ሲንጀሬ የክበቡ አባል ሆናለች። የወደድኩላቸው፣ የረዱትን ሰው ከጎናቸው አቁመው ፎቶ አይነሱም። ሲስተሯ ከልክለዋል።

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ከብሔራዊ ፈተናው በፊት የጽሞና ቀን አለ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከዞረ ወዲህ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር አድሮ ነው የሚፈተነው። ከመጀመሪያዎቹ፣ ከ2014ቱ ተፈታኞች፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይቺን ቁጥር የማያውቅ ተማሪ የለም። በጽሞናው ቀን ልጆቹ የሚያስፈራቸውን ስማቸውን ሳይጽፉ ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ፤ ከሰዓት ወላጅ ተጠርቶ ይነበብለታል። ደንበኛዬ የሆነች እናት ነች የነገረችኝ። አብዛኛው ወረቀት ስለ ፈተናው ክብደት አልነበረም። «አባዬ ለሰው ምን ይላል?» የሚለው ነው የበዛው። አንድ አባት መሀል ላይ ተነስቶ ወጣ፤ የልጁን አነጋገር ለይቶ መሰለኝ አለችኝ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ትምህርት ቤት በየሴሚስተሩ መጨረሻ የተማሪውን ደረጃ ከአንደኛ እስከ ጭራው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ስም ከነውጤቱ! ጠዋት በር ላይ ፊቱን ያዩለትን ልጅ ከሰዓት ሰሌዳ ላይ ያሰጡታል። የወላጅ ስብሰባ ላይ አነሳሁት። «ወላጅ ራሱ ነው ለጥፉልን የሚለን» ተባልኩ። ከኋላ ያሉት አጨበጨቡ። ለእኔ መስሎኝ ዞር ስል ለመልሱ ነው።

የካውንስለሩ ነገር ደግሞ ይባስ። ክፍሉ ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቅጣት የሚጠብቀውና ምክር የፈለገው አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ማን ገባ ማን ወጣ ግቢው ያያል። በዚህ ላይ ካውንስለሩ ዜግነትም ያስተምራል፣ ጊዜ የለውም። ስለ እህቴ ልጅ እንቅልፍ ያወራኝ ክፍያ መስኮቱ ጋ ተሰልፌ ሳለ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ሰው ቆሞ። ደግ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን እንዲህ ያለ ወሬ ከሰልፉ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። እሷም ከዚያ በኋላ ወደ እሱ አልሄደችም።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በደንብ የሚሠራው ነገር ሁሉ እኚያ አንዲት ሲስተር እጅ ላይ ነው ያለው። ሲስተሮች ደግሞ ይዛወራሉ። እሳቸው ሲሄዱ በር ላይ የሚቆመው ማን ነው? ይህን ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። እሱማ ያውቃል፤ እኔ የምፈልገው ትምህርት ቤቱም እንዲያውቅ ነው።

ወንዶቹም ትንሽ ተረስተዋል። ሴቶቹ ሲስተሮቹን ከብበው ያወራሉ። ወንዶቹ ኳስ ይሰጣቸውና ሜዳ ይለቀቃሉ። ለአንዳንዱ ይበቃው ይሆናል። ሸሚዙ የተተረተረውን ልጅ ግን ሌላ ቀን ሜዳ ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ አይቼዋለሁ። ከወንድ መምህራኑ አንዱ በቀን አሥር ደቂቃ አጠገቡ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

ቴሌግራሙንም ቢያስቡበት። ማታ አራት ሰዓት ላይ «ነገ ጠዋት ድንገተኛ ፈተና አለ» ብሎ መላክ ምን ይሉታል?

ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ የሚፈልገው ውጤት ብቻ ነው ካሉ ከተማው ውስጥ ከዚህ የሚያስጨንቁ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እዚያ ያስገቡት። እንደ እኛ ልጅ የሆነ ነገር ያየ ልጅ ካለ ግን እዚህ ያምጡት። ሲመጡ በጠዋት ይምጡ፣ ተማሪ ሲገባ። ለምዝገባ የተጠየቁትን ወረቀት ሁሉ ይዘው በሩ ላይ ትንሽ ቆመው ይዩ። ክፍያው ከታወቁት የግል ትምህርት ቤቶች ይቀላል፤ ለማይችልም ይቀንሳሉ። ቅናሹ ግን የትም አልተለጠፈም። ጸሐፊዋን ከጠየቁ «የለም» ትላለች። ቀጥታ ሲስተሯን ይጠይቁ።