የብላክ ዎች ታርታን የሱፍ ስካርፍ
ከኤድንብራ የገዛሁት ይህ ስካርፍ የተሸመነው ብላክ ዎች በተባለው የስኮትላንድ ክፍለ ጦር ታርታን (ባለቀለም መስመሮች እየተሻገሩ የሚሠሩት ባለ ካሬ ጥለት) ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ክር ብቻ ይዟል። የድሩና የማጉ የቀለም ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ አንዱ ቀለም ከራሱ ጋር ሲገናኝ ድፍን ሆኖ ይወጣል፤ ከሌላው ጋር ሲሻገር ግን ሁለቱ ተቀላቅለው አዲስ መልክ ስለሚሰጡ፣ ከ3 የክር ቀለሞች 6 ይገኛሉ። እያንዳንዱ ማግ በሁለት ድር ላይ አልፎ በሁለት ሥር ስለሚገባና በየረድፉ በአንድ ክር ፈቀቅ ስለሚል፣ ጨርቁ በቅርብ ሲታይ ሰያፍ መስመሮች አሉት፤ ለእኔ ትልቁ ውበቱ ይህ ነው። ሱፉ ለስላሳና ሞቃት ነው። ቅር ያሰኘኝ አረንጓዴው በመብራት ሥር ከጥቁሩ ጋር መመሳሰሉ ስለሆነ፣ ገዢዎች በቀን ብርሃን እያዩ እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ።