የከተማችን የቆሻሻ ማንሳት አገልግሎት፦ ለሠራተኞቹ አምስት ኮከብ፣ ለአመራሩ አንድ

ሠራተኞቹ አድማ መትተው ስለነበር ሰፈራችን 17 ቀን ሙሉ ቆሻሻ አልተነሳለትም። ትናንት መኪናው መጣ። ብዙ ጎረቤቶቼ ተናደው ለአገልግሎቱ አንድ ኮከብ ሰጥተዋል። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን ያ አንድ ኮከብ ያረፈው ቆሻሻውን በሚሸከሙት ሰዎች ላይ ነው፤ ይሄ ልክ አይደለም። ስለዚህ እኔ ሁለት ውጤት እሰጣለሁ።

ከአድማው በፊት ሥራቸውን በደንብ አውቀዋለሁ። በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳሉ። ፌስታል ተቀዶ ከፈሰሰ ጠርገው ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን የተሰበረ ብርጭቆ ለብቻው ጠቅልዬ ለሰብሳቢዋ ሰጠኋት። «እግዜር ይስጥሽ፣ ባለፈው ሳምንት እጄን ቆርጦኛል» አለችኝ። ጓንቷ መዳፉ ላይ ተበስቷል። አዲስ ጓንት ከጠየቁ ስምንት ወር እንዳለፋቸው የነገረችኝ ያኔ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያም አልደረሳቸውም ነበር።

አድማው ዱብ ዕዳ አልነበረም ማለት ነው። ማመልከቻው ስምንት ወር ሙሉ የአንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ሥራው ከቆመ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያ አወጣ፤ «በትዕግሥት ይጠብቁ» ይላል። መቼ ድርድር እንደሚጀመር አይናገርም። ስልክ ደወልኩ፣ 40 ደቂቃ ጠብቄ ተቋረጠ። በዘጠነኛው ቀን ጊዜያዊ መጣያ አዘጋጁልን፤ የልጆች መጫወቻው አጠገብ! ከታች ያለችው ጎረቤቴ አስም ያለበት ልጅ አላት። እስከ ትናንት መስኮት አልከፈተችም። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። የካናዳዋ ቶሮንቶም እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራተኞቿ አድማ 39 ቀን ሲቆይ መናፈሻዎቿን ጊዜያዊ መጣያ አድርጋ ነዋሪውን አስቆጥታ ነበር። ከዚያ የሚማር ሰው ጠፋ።

የአሜሪካዋ ሜምፊስ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1968 ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ከዝናብ ለመጠለል ቆሻሻ መኪናው ውስጥ ገቡ፤ መጭመቂያው ገደላቸው። ሠራተኞቹ ስለ መኪኖቹ አደገኛነት ቀድመው አቤት ብለው ነበር። 1,300 ያህሉ ሥራ አቆሙ። ከንቲባው ሄንሪ ሎብ ለማኅበራቸው ዕውቅና አልሰጥም ብሎ ድርቅ አለ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 የተገደለው እነሱን ሊደግፍ ሄዶ ሳለ ነው። ከተማው ማኅበሩን የተቀበለው ከዚያ በኋላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሊፈረም የሚችል ወረቀት ነበር።

የእኛም በ16ኛው ቀን፣ በአንድ ከሰዓት ስብሰባ አለቀ። ጓንትና የትርፍ ሰዓት ክፍያ። ታዲያ ከስምንት ወር በፊት ያ ከሰዓት የት ነበር?

ለሠራተኞቹ አምስት ኮከብ የሰጠሁት ለትናንቱም ጭምር ነው። የ17 ቀን ክምር፣ ትል የወጣበትን ጭምር፣ በአራት ሰዓት ውስጥ አንስተው መሬቱን አጠቡት። ብርጭቆና ምላጭ ያላችሁ እባካችሁ ለብቻ ጠቅልሉላቸው።

የአመራሩ አንድ ኮከብ ሁለት የሚሆነው ጓንቱ እጃቸው ሲገባ ነው። ሰብሳቢዋ ትናንት የመጣችው በዚያው በተበሳው ጓንት ነበር። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ቀኑን ቁርጥ አድርገው እንዲነግሩን እጠይቃለሁ። የሚመጣ ካለ አብረን እንሂድ።